እግር ለምን ያብጣል? የሊምፍ ሥርዓት አሠራርና የሰሜን ሸዋ ጤና

በሰሜን ሸዋ ገጠር እሾህ ወግቶት ወይም ድንጋይ ልጦት ቁስሉን ችላ ያለ ሰው፣ ውሎ ሲያድር ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት እንደሚወጣበት የማያውቅ ገበሬ የለም። ቁስሉ ያለው እግር ጣቱ ላይ ነው፤ የሚያብጠውና እርምጃ የሚከለክለው ግን ከጭኑ በላይ ያለው ቦታ ነው። አንዳንዴም ከቁስሉ ተነሥቶ በቅልጥሙ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ቀይ መስመር ይታያል። ይህ መስመር የተቆጣ የደም ሥር ይመስላል እንጂ የደም ሥር አይደለም። ሰውነታችን ከደም ዝውውሩ ጎን ለጎን የዘረጋው፣ በትምህርት ቤት በጥቂት አንቀጾች የሚታለፍና በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሥዕሉ እምብዛም የማይሰቀል ሌላ የመተላለፊያ መስመር አለው፤ እሱም የሊምፍ ሥርዓት ይባላል።

ልብን፣ ኩላሊትንና ጉበትን ሁሉም ሰው በስም ያውቃቸዋል፤ ሲታመሙም ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ ይስማማል። የሊምፍ ሥርዓት ሲታመም ግን ምልክቱ ራሱ በሽታ ተደርጎ ይቆጠራል። አንገት ላይ የወጣ እብጠት በእሳት ይተኮሳል ወይም ይበጣል፤ ያበጠ እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሰው ዓይን ይደበቃል። ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠትና የአንገት እጢ ቲቢ ለሕክምና የሚዘገዩት በድህነትና በመንገድ ርቀት ብቻ አይመስለኝም። ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ አለመታወቁም የራሱ የሆነ ትልቅ ድርሻ አለው። የበሽታዎቹን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ አሠራሩን ማየት ያስፈልጋል።

ልብ የሚገፋው ደም እጅግ ቀጫጭን ወደሆኑት የደም ሥሮች ሲደርስ፣ ከፈሳሹ የተወሰነው ክፍል በግድግዳቸው ሾልኮ በሕዋሳት መካከል ወዳለው ክፍተት ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ለሕዋሳቱ ምግብ ያደርሳል፣ የተረፋቸውንም ይቀበላል። የውሃው ከፊል ወደ ደም ሥር ተመልሶ ሊገባ ቢችልም፣ የቀረው ፈሳሽ፣ በተለይም ከደም አብሮ የሾለከው ፕሮቲን፣ በሊምፍ መስመር ካልሆነ በቀር መመለሻ የለውም፤ በመስመሩ ውስጥ ሲጓዝ ይህ ፈሳሽ ሊምፍ ይባላል። በተለመደው የሕክምና ትምህርት ስሌት በቀን 3 ሊትር ያህል ፈሳሽ በዚህ መንገድ ወደ ደም ይመለሳል፤ በመንገድ ላይ ባሉት የሊምፍ እጢዎች ውስጥ ወደ ደም የሚሻገረውን ጨምረው የሚያሰሉ አዳዲስ ግምቶች ደግሞ መጠኑን ወደ 8 ሊትር ያደርሱታል። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ የሚገኘው የደም ፈሳሽ ክፍል፣ ፕላዝማ የሚባለው፣ ራሱ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የሊምፍ ሥርዓት ለአንድ ቀን ሥራውን ቢያቆም ሰውነት እያበጠ የደም ሥሮች የሚጎድሉ መሆናቸው ከዚህ ስሌት በግልጽ ይታያል።

የሞረትና ጅሩን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። መረሬ አፈር ውሃ አያሳልፍም፤ ገበሬው ማሳውን በመደብና በቦይ ከፋፍሎ ትርፉን ውሃ ካላጠነፈፈ ስንዴው በቁሙ ቢጫ ይሆናል። ዝናቡ ከሌላው ዓመት ያልበለጠ ሊሆን ይችላል፤ ቦዩ ከተደፈነ ግን ማሳው ረግረግ መሆኑ አይቀርም። በሊምፍ መታወክ የሚመጣ እብጠትም ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ነው። በልብ ድካምና በኩላሊት በሽታ ጊዜ እብጠቱ የሚመጣው ከደም ሥር የሚወጣው ፈሳሽ በመብዛቱ ሲሆን፣ በሊምፍ ጊዜ ግን የሚወጣው ሳይጨምር መመለሻው ተዘግቶ ነው። ስለዚህ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች በልብ ሕመምተኛ ላይ የሚያሳዩትን ውጤት በዝሆኔ ሕመምተኛ ላይ አያሳዩም። ውሃው ለጊዜው ቢቀንስ እንኳ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ፕሮቲን ውሃ መልሶ ይስባል፤ ውሎ አድሮም ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ወደ ጠንካራ ጠባሳ ይለውጠዋል።

የሊምፍ መስመሮች የሚጀምሩት ጫፋቸው ዝግ ከሆነ፣ በዓይን ከማይታዩ ቱቦዎች ነው። የግድግዳቸው ሕዋሳት ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው የተቀመጡ በመሆናቸው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባሉ እንጂ ወደ ውጭ አይመልሱም። በዙሪያቸው ካለው ሥጋ ጋር በቀጫጭን ክሮች የተያያዙ ስለሆኑም አካባቢው በፈሳሽ ሲወጠር ክሮቹ በሩን ስበው ይከፍቱታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰፋ ያሉ መስመሮች በየጥቂት ርቀቱ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክሉ ክዳኖች አሏቸው፤ በሁለት ክዳኖች መካከል ያለው ክፍልም በደቂቃ ጥቂት ጊዜ በራሱ ጡንቻ እየተኮማተረ ፈሳሹን ወደሚቀጥለው ክፍል ይገፋል። ይህ ሥርዓት እንደ ልብ ያለ ማዕከላዊ ግፊት ሰጪ የለውም። የሚበዛውን እገዛ የሚያገኘው ከባት ጡንቻ መጨማደድ፣ ከአተነፋፈስና ከጎኑ ካሉት የደም ሥሮች ትርታ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ በአውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ የተጓዘ ሰው ሲወርድ ጫማው የሚጠበው፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ባደረ ጊዜም እብጠቱ ጎድሎ የሚያገኘው በዚህ የተነሣ ነው።

ከሁለቱ እግሮች፣ ከሆድ፣ ከግራ እጅና ከግራ የራስና የደረት ክፍል የሚመጣው ሊምፍ በሙሉ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት ሽቅብ በሚወጣው የደረት ቱቦ ተሰብስቦ በግራ አንገት ሥር ወደሚገኘው ትልቅ የደም መላሽ ሥር ይገባል። የዚህ ቱቦ ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቀኝ እጅ፣ የቀኝ ራስና የቀኝ ደረት ድርሻ ብቻ በቀኝ በኩል ባለ አጭር ቱቦ ይገባል። ሐኪሞች ከግራ አንገት አጥንት በላይ የወጣን እጢ በተለይ የሚጠራጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሆድ ውስጥ የተሰወረ ካንሰር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ቅባትም የሚጓዘው በዚህ መስመር ነው። ከምግብ የሚገኘው አብዛኛው ስብ ከአንጀት በቀጥታ ወደ ደም አይገባም፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ባሉ የሊምፍ ቱቦዎች ገብቶ፣ ሊምፉን ወተት አስመስሎ፣ በደረት ቱቦ በኩል ይወጣል። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋስፓሬ አሴሊ እ.ኤ.አ. በ1622 መስመሮቹን ሊያያቸው የቻለው ጥቂት ቀደም ብሎ የተመገበ ውሻ ሆድ ሲከፍት ነጭ ሆነው ስላገኛቸው ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ እ.ኤ.አ. በ1651 ፈሳሹ በደረት ቱቦ በኩል ወደ ደም እንደሚሄድ አሳየ። እንዲህ ሆኖም በአንጎል ሽፋን ውስጥ የሊምፍ መስመሮች መኖራቸው በግልጽ የተረጋገጠው ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጥናት በኋላ እንኳ ይህን ያህል ነገር ተሰውሮ መቆየቱ የሥርዓቱን ድብቅነት ይናገራል።

አሁን ወደ ንፍፊቱ እንመለስ። በሰውነታችን ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የሊምፍ እጢዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ውስጥ ተሰብስበው ይገኛሉ። ጤነኛ እጢ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከአካባቢው የሚመጣው ሊምፍ ሁሉ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ እጢው ይገባል፣ በውስጡ ቀስ ብሎ ይጣራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቱቦ ይወጣል። በእጢው ውስጥ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ ከነሱም ሌላ ቢ እና ቲ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በየክፍላቸው ተቀምጠዋል። ከእግር ቁስል የተነሣ ባክቴሪያ ወይም የባክቴሪያ ቁራጭ እዚህ ሲደርስ፣ ያን ቁራጭ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ሕዋስ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ እየተከፈለ በብዙ ሺህ ይባዛል፤ ከፊሉ አንቲቦዲ ያመርታል፣ ከፊሉም ወደ ቁስሉ ይዘምታል። የእጢው ማበጥና መታመም የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ስለዚህ ብሽሽት ላይ ንፍፊት የወጣበት ሰው መታከም ያለበት እግሩ ላይ ነው፤ እጢውን ማሸትም ሆነ መብጣት የሚሠራውን አካል መጉዳት ነው። ቀይ መስመሩ ከታየና ትኩሳት ከተከተለ ግን ኢንፌክሽኑ በሊምፍ መስመር እየተጓዘ ስለሆነ በዕለቱ ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል።

ጣፊያም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ልዩነቱ ሊምፍን ሳይሆን ደምን ማጣራቱ ነው። በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ በጎልማሳ ሰው ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። 120 ቀን ገደማ የሚኖሩትን ቀይ የደም ሕዋሳት ሲያረጁ ለቅሞ ያስወግዳል፤ በደም ውስጥ የሚዞሩ ባክቴሪያዎችንም ይይዛል። በወባ የተያዙ ቀይ ሕዋሳትንም የሚያጠምደው እሱ በመሆኑ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ቆላ ወባ ደጋግሞ የያዘው ልጅ ጣፊያው ከጎድኑ ወርዶ በእጅ ሊዳሰስ ይችላል። እንዲህ ያበጠ ጣፊያ በመውደቅ ወይም በምት በቀላሉ ይፈነዳል፤ በሆድ ውስጥ የሚፈሰው ደምም በሰዓታት ሊገድል ይችላል።

ታይመስ የሚባለው እጢ ከደረት አጥንት ጀርባ ይገኛል። ከመቅኔ የሚመጡት ቲ ሕዋሳት እዚያ ይፈተናሉ፤ የራስን አካል የሚያጠቁት ወይም ምንም ለይተው የማያውቁት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ እዚያው ይጠፋሉ። ጥቅሙ የታወቀው ተመራማሪው ዣክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ነው፤ ከዚያ በፊት ጥቅም የለሽ ቅሪት ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ከጉርምስና በኋላ እየከሰመ ይሄዳል።

ስለ ቶንሲል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቶንሲል በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያለ የሊምፍ አካል ነው፤ በመካከል የተንጠለጠለው እንጥል ግን የሊምፍ አካል አይደለም። ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉን ማስቆረጥ ወይም ቶንሲሉን በጣት ማስቧጠጥ አሁንም በየመንደሩ አለ። ሁለቱም ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣሉ፤ ከዚያም የከፋው፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒት ሳይታከም ማለፉ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚቀጥፈው የልብ ክዳን በሽታ ከዚህ ይጀምራል።

ዝሆኔና ባዶ እግር

ዝሆኔ ተብሎ የሚጠራው እብጠት የሚመጣው ከአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። በሞቃታማ ቆላ አካባቢዎች ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል በሊምፍ መስመር ውስጥ ገብቶ ያመጣዋል። በደጋውና በወይና ደጋው ግን ትልም ትንኝም የለበትም፤ መንሥኤው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከአፈር የሚመጣ በሽታ ነው። ይህን ለይተው ያጠኑትና ስሙን የሰጡት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መካከል አስገባው። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

በሽታው በስፋት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ፣ ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረበት፣ በተለይም ቀይ ሸክላማ በሆነበት ቦታ ነው። ከጓሳ ውርጭ ይልቅ ወደ ወይና ደጋው የሚወርዱት ተዳፋቶች ለዚህ ይቀርባሉ። በዓመታት ውስጥ በባዶ እግር የሚረገጠው አፈር ያዘላቸው እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ስንጥቅ በኩል ይገባሉ። ባዕድ ነገር የሚውጡት ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ማፍጨት ግን አይችሉም፣ ድንጋይ ነውና። ሕዋሳቱ ቅንጣቶቹን ይዘው ወደ ሊምፍ መስመር ይገባሉ፤ እዚያም መቆጣት ይነሣል፣ መቆጣቱ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ያጠብባል፣ በመጨረሻም ይደፍናል። ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚወስደው እርምጃ ራሱን የሚጎዳበት ሁኔታ ነው።

ጅማሬው እምብዛም አያስደነግጥም። ማታ ማታ የእግር የፊት ክፍልና ጣቶች ያሳክካሉ፣ ያቃጥላሉ፤ ከሥራ በኋላ የእግሩ ጀርባ ያብጥና ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቅልጥሙን በአውራ ጣት ጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ ሲለቁት ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ይቆያል፤ ቀስ ብሎም ይሞላል። ዓመታት ሲያልፉ ያው ጣት በዚያው ቦታ ላይ ቢጫን አይጎደጉድም። ውሃው በጠባሳ ተተክቷል፤ ቆዳው ወፍሯል፣ ሻክሯል፣ በጣቶቹ ዙሪያ እባጮች ወጥተዋል፣ በእባጮቹ መካከልም የማይደርቅ፣ የሚሸት እርጥበት አለ። የመጎድጎዱ ጊዜ ሳያልፍ የተደረሰበት እግር ወደ ቀድሞው መጠኑ ሊቀርብ ይችላል፤ ካለፈ በኋላ ግን የሚቻለው እንዳይብስ ማድረግና ሥቃዩን መቀነስ ነው። ጊዜ የሚቆጠረው ከዚህ አንጻር ስለሆነ፣ ማሳከክና ማታ ማበጥ ብቻ ያለበትን ወጣት ገበሬ ማግኘት ዓመታት ያለፉበትን ሽማግሌ ከማግኘት በላይ ዋጋ አለው።

በጤና ኬላ በር ላይ «እግሬማ የዘር ነው ልጄ፣ አባቴም እንዲህ ነበር» የሚል ንግግር መስማት የተለመደ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «አይ አባባ፣ የዘር አይደለም» ብላ መመለሷም እንዲሁ። በእኔ ግምት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። በወላይታ በተደረጉ ጥናቶች የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በአምስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም በሽታውን የሰውነት መከላከያ ባዕድን ከራስ ከሚለይባቸው ጂኖች ጋር አያይዞታል። ሽማግሌው ያዩት ነገር እውነት ነው። የወረሱት ግን በሽታውን ሳይሆን ለቅንጣቶቹ በኃይል የመቆጣት ዝንባሌን ነው፤ ያው ዝንባሌ ያለው ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ በሽታው አይነሣበትም። ይህ ልዩነት ለጋብቻ ዘር ማንዘር በሚቆጠርበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ሰው እግር ምክንያት ሴት ልጁ ሳታገባ የምትቀርበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ሁኔታ አለ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ መተኛት እንደማያስይዝ፣ የታማሚ ልጆችም በጫማ ብቻ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠበቁ በዕድርና በሰንበቴ መነገር አለበት፤ የሰበካ ካህናት ቢናገሩት ደግሞ ከማንም በላይ ይሰማል።

ከእብጠቱ ይልቅ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገት የሚነሣው ትኩሳታማ ጥቃት ነው። እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ የብሽሽት እጢ ያብጣል፣ ብርድ ብርድ ይላል፤ ብዙ ሰውም ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል። ሊምፉ በማይንቀሳቀስበት እግር ውስጥ መከላከያ ሕዋሳት እንደልብ አይደርሱም፤ በጣቶቹ መካከል በተሰነጠቀው ቆዳ የገባው ባክቴሪያ ያለ ከልካይ ይባዛል። እያንዳንዱ ጥቃት ደግሞ የቀሩትን ጥቂት መስመሮች ይደፍናል፤ ስለዚህ የጥቃቱን ቁጥር መቀነስ የበሽታውን ጉዞ መግታት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ጥቃቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሌላው የሚደረገው በተቀመጡና በተኙ ጊዜ እግርን ከፍ ማድረግና ቁርጭምጭሚትን ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ነው፤ ከላይ ያየነው የባት ጡንቻ ለሊምፍ የሚሰጠው ግፊት ለዚህ ይጠቅማል። በጣቶቹ መካከል ያለው ቦታ በደረቅ ጨርቅ አንድ በአንድ መድረቅ አለበት፤ ታጥቦ እርጥብ የቀረ እግር ካልታጠበው ብዙ አይሻልም። ሽታ ሲኖር ውሃው ላይ ጥቂት ባረኪና የሚጨመርበት ልክ አለ፤ እሱን ግን ከጤና ባለሙያ መቀበል ይገባል፣ ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላልና።

በመንዝ ደጋ ውሃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት፣ ማገዶውም ኩበት በሆነበት ቤት ውስጥ በየቀኑ ግማሽ ባልዲ ውሃ ለእግር ማዋል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ውሃውን ማሞቅ አያስፈልግም፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። የታጠቡበትም ለጓሮ ጎመን ሊሆን ይችላል፣ ባረኪና ካልገባበት። ብዙ ምእመናን ደግሞ ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ለመጓዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ማውለቅ ያስይዘን ይሆን ብለው ይጨነቃሉ። በሽታው የሚመጣው ከዓመታት የዕለት ተዕለት ንክኪ ስለሆነ የጥቂት ሰዓት ባዶ እግር ለጤነኛ ሰው የሚያሰጋ አይደለም፤ ቆዳው የተሰነጠቀ ሕመምተኛ ግን ሲመለስ እግሩን መታጠብ አለበት። እውነተኛው አደጋ ያለው በእርሻ ላይ ነው። ጭቃ ጫማውን ስለሚነጥቀው፣ ጫማው እንዳያልቅም ስለሚሳሳለት፣ ገበሬው ወደ ገበያ ሲሄድ ያደረገውን ጫማ ማሳ ዳር አውልቆ ያርሳል፣ ያርማል። ሸበጥና ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ይሻላሉ፤ ጣትና የእግር ጀርባ ለጭቃ ክፍት ሆነው ስለሚቀሩ ግን በቂ አይደሉም። ለእርሻ የሚሆነው ቦቲ ነው፤ ቦቲን ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር እኩል የእርሻ ግብዓት አድርጎ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ማቅረብ ለምን እንዳልታሰበበት አይገባኝም።

የአንገት እብጠት

አንገት ላይ የሚወጣ ሁሉ አንድ አይደለም። በፊት ለፊት ከማንቁርት በታች የሚወጣውና ሲውጡ አብሮ የሚንቀሳቀሰው እንቅርት የታይሮይድ እጢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአዮዲን እጥረት ይመጣል። ከጆሮ ሥር የሚወጣው ጆሮ ደግፍ የምራቅ እጢ መቆጣት ነው። በአንገት ጎንና ጎን፣ ከመንጋጋ ሥርና ከአንገት አጥንት በላይ የሚወጡት ግን በአመዛኙ የሊምፍ እጢዎች ናቸው። ጉሮሮ ወይም ጥርስ ታሞ ያበጠ እጢ ያማል፣ ለስላሳ ነው፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጎድላል። ቀስ ብሎ ያደገ፣ የማያም፣ እርስ በርሱ የተያያዘ፣ ወራት የቆየ እጢ ግን በአገራችን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ነው። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ ከሚታየው ቲቢ የሊምፍ እጢ ቲቢ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል፤ ሰውየው ሳያስል፣ አክታው ላይም ምንም ሳይገኝ በሽታው ሊኖርበት ይችላል። ጥሬ ወተት የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማፍላት ይገባል፤ ሆኖም በአገራችን በላቦራቶሪ ከታዩት ናሙናዎች እጅግ የሚበዙት የሰው ቲቢ ባክቴሪያ ነው የተገኘባቸው።

እንዲህ ያለ እጢ ሲበጣ ወይም ሲተኮስ ለዓመታት የሚመግል ቁስል ይሆናል። ምርመራው ከዚያ እጅግ የቀለለ ነው፤ በቀጭን መርፌ ከእጢው ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕና የቲቢን ዘረመል በሚለየው የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ይታያል። ሕክምናው በተለምዶ 6 ወር የሚወሰድ ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። አንድ ነገር አስቀድሞ ለሕመምተኛው መነገር አለበት፤ መድኃኒት ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ እጢው ሊጨምር፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ለሞተው ባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ ነው እንጂ መድኃኒቱ አለመሥራቱ አይደለም። ይህ ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ወደ ባህላዊ ሐኪም ይመለሳል። ባለፉት ዓመታት በግጭት ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ ወገኖች ደግሞ የጀመሩትን መድኃኒት ካርድ ሳይዙ የመጡ ቢሆኑ እንኳ ለመቀጠል ጤና ጣቢያ ሄደው መናገር አለባቸው፤ መቋረጡ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያመጣልና። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ቲቢ ሳይሆን የሊምፍ ካንሰር ወይም ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ጠንካራ፣ የማይነቃነቅ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ወይም ከአንገት አጥንት በላይ የወጣ እጢ፣ በተለይም ሌሊት ላብ የሚያሰምጥ ትኩሳትና ክሳት ካለ፣ ይጎድላል ተብሎ ሳምንታት አይጠበቅለትም። የጡት ካንሰር መጀመሪያ የሚሄድበት የብብት እጢ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ እጢዎቹ በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት በዚያ በኩል ያለው እጇ ሊያብጥ ስለሚችል ከቁስል፣ ከቃጠሎና ከእሾህ ልትጠብቀው፣ ሲቀላና ሲግልም ፈጥና ልትታከም ይገባታል።

በየቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ ቅርብ ናቸው። ቤት ለቤት ሲዞሩ የቤተሰቡን እግር ማየት፣ ቅልጥም ተጭኖ መጎድጎዱን መፈተሽ፣ ብብትና አንገት መዳሰስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሳሙናው፣ ፋሻው፣ የፈንገስ ቅባቱና የጥቃት ጊዜ አንቲባዮቲኩ በጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት። ጫማ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያበጠ እግር በገበያ ያለ ቁጥር አይገባበትም፣ ሁለቱ እግሮችም መጠናቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካም፣ በየመንገዱ ዳር የተቀመጡ ጫማ ሰፊዎችም አሏት። የእግሩን ልክ በክር ወስዶ፣ ፊቱን ሰፋ አድርጎ፣ ውስጡን ስፌት በማይነካው ለስላሳ ቆዳ ለብጦ፣ ማሰሪያውን እብጠቱ ሲጎድል የሚጠብቅ አድርጎ መስፋት ለእነዚህ ባለሙያዎች የጥቂት ቀን ሥልጠና ነው። ወረዳዎቹ የሕመምተኞቻቸውን ቁጥር ከነጫማ ልካቸው ቢመዘግቡ ሥራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።